ወርድፕረስ ሲበላሽ ለማን ይናገራል?

እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ቀጠሮ የተያዘለት ጽሑፍ 2 ሰዓት ሲሆን የለም። 3 ሰዓትም፣ 4 ሰዓትም የለም። አዘጋጁ ገጹን ደጋግሞ ያድሳል፤ ለጸሐፊው እየደወለ «ትንሽ ታገሥ» ይላል። 5 ሰዓት ላይ ጽሑፉ ማንም ሳይነካው ይወጣል። የወደቀ ሰርቨር የለም፤ የተበላሸ ፕለጊን የለም፤ የስሕተት መልእክትም አልታየም። የድረ ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም ወርድፕረስ በእንግሊዝኛ ሲጫን የሰዓት ክልሉን ዜሮ ላይ ስለሚያደርገው፣ አዘጋጁ ለ2 ሰዓት የሞላው 8፡00 በግሪንዊች 8፡00 ሆኖ ተመዝግቧል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ግሪንዊችን በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

ስለ ወርድፕረስ የሚጻፉ ዳሰሳዎች አብዛኛውን ጊዜ መልካም ጎኑን ይዘረዝራሉ። ነፃ ነው፣ የቲም ምርጫው ሰፊ ነው፣ ኮድ የማያውቅ ሰው ይሠራበታል ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ይህን ሥራ መመዘን የምፈልገው «አልወጣም»፣ «አልከፈተም»፣ «አልቀመጥ አለ» በሚባልበት ሰዓት ነው። በአማርኛ የሚያትሙ ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። ጽሑፉን የሚያርመው፣ ፎቶውን የሚጭነው፣ የሆስቲንግ ክፍያውን የሚያሳድሰውና ገጹ ሲዘጋ የሚሯሯጠው ያው ሰው ነው፤ የሰርቨር ባለሙያ ግን አይደለም። ለዚህ ሰው የፕሮግራሙ ጥራት የሚለካው ሲበላሽ ምን እንደሚለውና ለማን እንደሚለው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ወርድፕረስ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ የሚያውቀውን ግን ሊያስተካክለው ለሚችለው ሰው አያደርስም።

ፕሮግራሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 27 ቀን 2003 ነው። አሜሪካዊው ማት ሙለንዌግና እንግሊዛዊው ማይክ ሊትል፣ ሚሼል ቫልድሪጊ ጀምሮት ሥራው ቆሞ የነበረውን «ቢ2» የተባለ ፕሮግራም ኮድ ወስደው አሳደጉት። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በዚህ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ይለውጠዋል። ከታች የምነቅፈውን ሁሉ ልነቅፍ የቻልኩትም ይህ በመሆኑ ነው። ስለ ተዘጋ ፕሮግራም እንዲህ በዝርዝር መነጋገር አይቻልም።

ከአጫጫኑ ልጀምር። ወርድፕረስ «በአምስት ደቂቃ ይጫናል» በሚል የታወቀ ነው፤ እውነትም ይጫናል። የመጫኛው ቅጽ የሚጠይቀው የገጹን ስም፣ የአስተዳዳሪውን መጠሪያና የይለፍ ቃል፣ ኢሜይሉን፣ እንዲሁም የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንድ ምልክት ነው። የምትኖሩት የት ነው፣ ሰዓታችሁ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ያቺን የመጨረሻዋን ምልክት ደግሞ ሠሪው ገጹ እስኪያልቅ ብሎ ያደርግባትና ይረሳታል። ከዚያ ገጹ ይመረቃል፣ ጽሑፍ በየቀኑ ይወጣል፣ በጉግል ሲፈለግ ግን የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ስለዚህ የምታወራ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ በየዕለቱ የሚገባው ግን ወደ ጽሑፎቹ ዝርዝር ነው፤ መስመሯ ዓይኑ ውስጥ አትገባም። አምስት ደቂቃውን ስድስት አድርጎ የሰዓት ክልልን መጠየቅ ያንን ሁሉ የእሑድ ጠዋት ጣጣ ያስቀር ነበር።

የዳታቤዙ ነገር ሌላ ነው። «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚለው ባዶ ገጽ ሲመጣ፣ በደብሊው-ፒ-ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ካሉት አራት መስመሮች አንዱ ተሳስቷል፤ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉ ወይም የሰርቨሩ አድራሻ። አለዚያም የዳታቤዙ ሰርቨር ራሱ ቆሟል። ሆስቲንግ በተቀየረ ማግስት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ትናንት እየሠራ አድሮ ዛሬ ከሆነና ፋይሉን ማንም ካልነካው ሰርቨሩ መሆኑ ያመዝናል። በኮዱ ውስጥ ይህን በዝርዝር የሚያስረዳ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አረጋግጡ የሚል ረዘም ያለ መልእክት ተጽፎ ተቀምጧል፤ የስሕተት ማሳያው ካልተከፈተ ግን አንባቢ በሚከፍተው ገጽ ላይ አይታይም። እዚህ ላይ ፕሮግራሙን አልከስም። መልእክቱ የሰርቨሩን አድራሻ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያልና መደበቁ ልክ ነው። ለአስተዳዳሪው ለምን አይጽፍለትም እንዳይባል፣ የአስተዳዳሪው ኢሜይል የተቀመጠው ሊደረስበት ባልተቻለው በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንድ በጎ ነገርም አለ። ደብሊው-ፒ-ኮንተንት በተባለው ፎልደር ውስጥ ዲቢ-ኤረር የሚል ስም ያለው የፒኤችፒ ፋይል ካስቀመጣችሁ፣ አንባቢ ባዶውን የእንግሊዝኛ ገጽ ትቶ የእናንተን ገጽ ያያል። «ለጥቂት ጊዜ ተቋርጠናል፤ ዜናውን በቴሌግራም ተከታተሉን» ብሎ በአማርኛ ማዘጋጀት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አድርጎት ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይቅር የማልለው ነጩን ገጽ ነው። ለዓመታት አንድ ፕለጊን ሲሳሳት አንባቢም አስተዳዳሪም የሚያዩት ፍጹም ባዶ ነጭ ገጽ ነበር፤ አንድም ፊደል የለበትም። ይህ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 በወጣው 5.2 ስሪት ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ በወጣ በ16 ዓመቱ። አሁን አንባቢ «በዚህ ገጽ ላይ ከባድ ስሕተት ደርሷል» የሚል ያያል፤ ለአስተዳዳሪው ደግሞ ጥፋተኛውን ፕለጊን በስም የሚጠራ ኢሜይል ይላካል። ኢሜይሉ ውስጥ ለአንድ ቀን የሚያገለግል ሊንክ አለ፤ በዚያ ገብቶ ፕለጊኑን ማጥፋት ይቻላል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከሁሉም የጥገና መሣሪያዎቹ በአሠራር የማደንቀው ይህን ነው።

ግን ኢሜይሉ ይደርሳል? ወርድፕረስ ሌላ ነገር ካልተደረገለት መልእክት የሚልከው በራሱ በሰርቨሩ በኩል ነው። በርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ይህ መንገድ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ መልእክቱ ጂሜይል ሲደርስ ከአይፈለጌዎቹ ጋር ይጣላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አድራሻው ነው። ገጹን የሠራው ልጅ ሲጭነው የራሱን ኢሜይል ሞላ፤ ሥራውን አስረክቦ ሄደ፤ አድራሻውን የቀየረ የለም። ስለዚህ ፕለጊኑ በስም የተጠራበት፣ መፍትሔው በሊንክ የተያያዘበት ደብዳቤ ገጹን ከረሳው ሰው ሳጥን ይገባል፤ አዘጋጁ ግን ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሟል። ይህን የሚያነብ የድረ ገጽ ባለቤት ሁሉ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል የሚለውን ከፍቶ የአስተዳዳሪው ኢሜይል የማን እንደሆነ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ኢሜይሉ ካልደረሰ የሚቀረው የስሕተት መዝገቡ ነው። ደብሊው-ፒ-ኮንፊግ ውስጥ ዲበግ የተባለውን የስሕተት መፈለጊያ ከፍቶ፣ ስሕተቱ ገጹ ላይ ሳይወጣ ፋይል ላይ ብቻ እንዲጻፍ ማዘዝ ይቻላል። መዝገቡ የትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደተሳሳተ ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። የጎደለው መዝገቡን ከዳሽቦርዱ ማንበብ አለመቻሉ ነው። በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ በሲፓነል ወይም በኤፍቲፒ ገብቶ ፋይሉን መክፈት ያስፈልጋል፤ አዘጋጁ ደግሞ የዚያ የይለፍ ቃል የለውም። ድሩፓል የተባለው ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ከዋናው ፕሮግራሙ ጋር አብሮ በሚመጣ ሞጁል ይህን መዝገብ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ፣ በሰዓትና በዓይነት ለይቶ ያሳያል። ድሩፓል ለጀማሪ ይከብዳል ይባላል፤ በዚህ ነጥብ ግን ለጀማሪው ያዘነለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ቀጠሮው ልመለስ፤ የሰዓት ክልሉ ተስተካክሎም ጽሑፍ የማይወጣበት ጊዜ አለና። የጽሑፎቹ ዝርዝር ላይ በቀይ «ቀጠሮው አልፏል» የሚል ይታያል። ምክንያቱን ለማወቅ ወርድፕረስ ሰዓት እንዴት እንደሚጠብቅ ማወቅ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ የራሱ ሰዓት የለውም። በሩ ሲንኳኳ ብቻ የሚነቃ ዘበኛ ነው፤ አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ይነቃል፣ «ሰዓቱ የደረሰ ሥራ አለ?» ብሎ ያያል፣ ካለ ደብሊው-ፒ-ክሮን የተባለውን ፋይል ራሱ በኢንተርኔት በኩል ጠርቶ ያሠራዋል። አንባቢ ካልመጣ አይነቃም። ሌሊት ጎብኚ የሌለው ትንሽ መጽሔት ለ11 ሰዓት ንጋት የቀጠረው ጽሑፍ የመጀመሪያው አንባቢ እስኪመጣ ይጠብቃል። በኢንተርኔት መቋረጥ ቀን ደግሞ የአገር ውስጥ አንባቢ ከነጭራሹ አይመጣም።

ብዙ አንባቢ ያለው ገጽ ከዚህ ይተርፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ አይተርፍም። ፍጥነት ለመጨመር የካሽ ፕለጊን ወይም ሙሉ ገጾችን እንዲያስቀምጥ የታዘዘ የክላውድፍሌር አገልግሎት ሲገባ፣ ለአንባቢ የሚሰጠው አስቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ስለሆነ ዋናው ፕሮግራም ጭራሽ ላይነቃ ይችላል። አንዳንድ ሆስቲንግ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱን እንዳይጠራ ያግዳል። ስለዚህ ገጹን ለማፋጠን የተወሰደ መልካም እርምጃ ቀጠሮውን ይሰብራል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስጠንቀቂያ አዘጋጁ ፊት አይመጣም። መፍትሔው የታወቀ ነው። በኮንፊግ ፋይሉ የውስጡን ክሮን ዘግቶ፣ በሲፓነል የሰርቨሩ እውነተኛ ክሮን በየ5 ደቂቃው ያንን ፋይል እንዲጠራ ማድረግ ነው። አንዴ ከተደረገ ያርፋሉ። ወርድፕረስ ይህን መንገድ የመረጠው በማንኛውም ርካሽ ሰርቨር ላይ ያለ ምንም ፈቃድ እንዲሠራ ስለፈለገ ነው፤ ምርጫው ይገባኛል። ነገር ግን ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ሲሞላ፣ ያ ሰዓት በአንባቢ መምጣት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን የሚነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር በዚያው ሳጥን ሥር መኖር ነበረበት።

አዲሱ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከ5.0 ጋር የመጣው የብሎክ ኤዲተር፣ ሌላ ዓይነት ዝምታ አመጣ። አዘጋጁ «አትም» የሚለውን ይጫናል፤ «ማሳተም አልተሳካም፤ መልሱ ትክክለኛ ጄሰን አይደለም» የሚል ቀይ ሰሌዳ ይመጣል። ጄሰን ምንድን ነው? አዘጋጁ ይህን ማወቅ የለበትም። ኤዲተሩ ጽሑፉን ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ሬስት ኤፒአይ በሚባለው መንገድ ነው፤ መልሱም በዚያ ቅርጽ መምጣት አለበት። በምትኩ የድረ ገጽ ቁራጭ፣ የእግድ ማስታወቂያ ወይም የፒኤችፒ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፣ ኤዲተሩ የመጣውን ሳያሳይ «አልገባኝም» ብቻ ይላል።

ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በስተጀርባ ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮች አሉ። የፐርማሊንክ፣ ማለትም የቋሚ ሊንኮቹ፣ ደንብ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክን ከፍቶ ምንም ሳይቀይሩ «አስቀምጥ» ማለት ደንቡን እንደ አዲስ ያጽፈዋል፤ እኔ ሁልጊዜ ከዚህ እጀምራለሁ። የገጹ አድራሻ በሴቲንግ ውስጥ ያለ ኤስ በኤችቲቲፒ ተመዝግቦ፣ አዘጋጁ የገባው በኤችቲቲፒኤስ ሊሆን ይችላል። የሆስቲንጉ የጥበቃ ማጣሪያ በጽሑፉ ውስጥ ያለን ቃል ወይም ኮድ እንደ ጥቃት ቆጥሮ ሊያግድ ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው አንዱ ጽሑፍ እምቢ ሲልና ሌላው ሲያልፍ ነው። አራተኛው ያሳዝነኛል። ስሕተት ለመፈለግ ዲበግ ተከፍቶ ማስጠንቀቂያዎቹ ገጹ ላይ እንዲወጡ ከተደረገ፣ እነዚያው ማስጠንቀቂያዎች ከመልሱ ጋር ተቀላቅለው ይህንኑ ስሕተት ይፈጥራሉ። ስሕተቱን ሊፈልግ የገባ ሰው ተጨማሪ ስሕተት ይዞ ይወጣል። ሰርቨሩ የመለሰውን ጥሬ ቃል የሚያሳይ «ዝርዝር» የሚል አንድ ቁልፍ ከሰሌዳው ሥር ቢኖር፣ ከአራቱ ሦስቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ይለዩ ነበር። በዚህ መሐል ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሳያስቀምጡ ታቡን መዝጋት ክልክል ነው።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በማዘመን መሐል ኢንተርኔት ተቋርጦ ገጹ «ለጥገና ተዘግቷል» እንዳለ ሲቀር፣ ሜንተናንስ የሚለውን ድብቅ ፋይል መሰረዝ ይበቃል፤ ባይሰረዝም ከ10 ደቂቃ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ይተወዋል። ፎቶ አልጫን ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፒኤችፒው የመጫኛ ጣሪያ ነው፤ ሆስቲንጉ ካልቀየረው 2 ሜጋባይት ላይ ይቆማል።

የአማርኛው ጉዳይ ግን በአጭሩ አይታለፍም። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። የድሮ ዳታቤዝ ለላቲን ብቻ በተሠራ ሰንጠረዥ ላይ ካለ፣ ከሆስቲንግ ወደ ሆስቲንግ ሲዛወር ጽሑፉ ሊፈርስ ይችላል። አፈራረሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለይቶ ማወቁም ሥራ ያድናል። በአማርኛው ምትክ ባለ ጭረት የላቲን ፊደላት ተሰድረው ከታዩና አንዱ ያው ፊደል በየሦስተኛው ቦታ እየተመላለሰ ከመጣ፣ ባይቶቹ በሰላም አሉ፤ አነባበቡ ብቻ ተሳስቷልና ይመለሳል። የሚመላለሰው ፊደል የሁሉም ተራ የግዕዝ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት አንድ ስለሆነ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ጽሑፉ የለም፤ ከባክአፕ በቀር የሚያመጣው የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የወጣው 4.2 ስሪት የዩቲኤፍ-8 ሰንጠረዦችን ወደ ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ሲያሸጋግር፣ ሊቀመጥ የማይችል ፊደል ሲመጣም ዝም ብሎ ከማጥፋት ይልቅ ማስቀመጡን እንዲከለክል ሆነ። ለእኛ ይህ ከማንኛውም አዲስ ቲም የሚበልጥ ማሻሻያ ነበር።

የሊንኩ ነገር ግን እስካሁን አለ። ወርድፕረስ ከርዕሱ ሊንክ ሲሠራ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይለውጠዋል፤ ለሊንኩ በዳታቤዙ የተሰጠው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። «የአዲስ አበባ ከተማ የመኪና ማቆሚያ ችግርና መፍትሔው» የሚል ርዕስ እንውሰድ። «ችግር» እስከሚለው ድረስ 21 ፊደልና 5 ክፍተት፣ በጠቅላላው 194 ምልክት ይሆናል። «ና» ስትጨመር 203 ስለሚሆን እዚያ ይቆረጣል። ሊንኩ ላይ መፍትሔው የለም። አዘጋጁ መቆረጡን የሚያውቀው፣ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር የተደረደረበት ሦስት መስመር ሲመጣ ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ 21 ፊደል ከ21 የላቲን ፊደል የበለጠ ይናገራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ቢሆንም እንግሊዝኛው 200 ፊደል፣ ሩስያኛው 33 ፊደል ሲያገኝ አማርኛው 22 ላይ መቆሙ በማንም ክፋት የመጣ ባይሆንም ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሩስያኛ ተናጋሪዎች ሊንካቸውን ወደ ላቲን የሚገለብጥ ፕለጊን ሠርተው ተገላግለዋል። ለእኛ ደግሞ ከማተም በፊት ሊንኩን በእጅ፣ በላቲን ፊደል፣ በሦስት አራት ቃል መጻፉ ይሻላል፤ ከታተመ በኋላ መቀየር የተጋራውን ሊንክ ሊሰብር ይችላልና።

የጥገና መሣሪያዎቹን ሳላነሣ ብቀር አድሎ ይሆናል። ሳይት ሄልዝ የተባለው ክፍል የዘገየ ቀጠሮን፣ የተዘጋ ሬስት ኤፒአይን፣ ራሱን መጥራት ያቃተው ሰርቨርን መርምሮ ይናገራል። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ግማሹን ያውቃቸዋል ማለት ነው። ያለው ግን ቱልስ በሚለው ሥር ነው፤ በተለመደው አሠራርም የሚከፈተው ለአስተዳዳሪው ብቻ ነው። ኤዲተሩ ላይ ቀይ ሰሌዳ ያየው ሰውና ምርመራው ያለበት ገጽ አይገናኙም። «ሄልዝ ቼክ ኤንድ ትራብልሹቲንግ» የሚባለው ነፃ ፕለጊን ደግሞ አንባቢው ሳይነካ ለእናንተ ብቻ ሁሉንም ፕለጊን አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበራችሁ ጥፋተኛውን እንድትለዩ ያደርጋል። ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ይህ ሆኖ ሳለ ከዋናው ፕሮግራም ጋር አይመጣም፤ ፈልጎ የጫነው ብቻ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱን ግን የዋናውን ኮድ ጠባቂዎች ሳንጠብቅ ማስተካከል እንችላለን። ወርድፕረስን ወደ አማርኛ ለሚተረጉሙ ሰዎች ከሚቀርቡት ሐረጎች መካከል አንዷ የምትተረጎም ቃል አይደለችም፤ ነባሪው የሰዓት ክልል ምን ይሁን የምትል ቦታ ናት። በእንግሊዝኛው ዜሮ ተጽፎባታል። እዚያ ላይ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚለው የሰዓት ክልል መጠሪያ በፕሮግራሙ አጻጻፍ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ በአማርኛ የሚጫን እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእኛ ሰዓት ይቆጥራል። ትርጉሙ ለማንም ፈቃደኛ ክፍት ነው፤ የወርድፕረስ መለያ ከፍቶ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል።